የመጀመሪያው ጉንጭ

ግንቦት ሲገባ ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ደክሞት ነው የሚነሣው። ሌሊቱ አያበርድም፤ ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ እስኪነጋ ሲተፋ ያድራል። በዚያ ሐሙስ፣ በ1963 ዓ.ም. ግንቦት አጋማሽ፣ ዓይናለም ድካሟን የምታዳምጥበት ጊዜ አልነበራትም። የእትዬ ጌጤን ሆቴል በረንዳ ሁለት ጊዜ አጥባለች፤ ከአሰብ የሚመጡትን የከባድ መኪና ሾፌሮች ቁርስ አብልታ ሸኝታለች፤ የእንግዶቹን ጠረጴዛ ጥላው ወደሚቆይበት ወደ ኒሙ ዛፍ ሥር አዛውራለች። እግሯ አብጦ ጫማዋ ጠቧታል።

«ዓይናለም!»

«መጣሁ!»

በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ስትኖር ከአፏ አብዝቶ የወጣው ቃል ይኸው ነበር።

እትዬ ጌጤ ጓዳው በር ላይ ቆመው ባለ እግሩን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥተው ያዩታል። «ስንት ነው የቀረን?»

«አምስት። ስድስተኛው ተሰብሯል።»

«ማን ሰበረው?»

«አንቱ ነዎት እትዬ።»

«ደግ አደረግሁ! እግሩ እንደ ሽመላ፣ ሆዱ እንደ አጥቢያ ዳኛ፤ ይኼም ብርጭቆ ሆነና።» በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚ ልጄ፤ ፊታውራሪ ዛሬ ደስ ካላላቸው ልጃቸውን ሞገስን ይዘውት ነው የሚሄዱት። የወይኑንም ተክል ነቅለው ትምባሆ ያስተክሉበታል አሉ። ብቻ ስትቀጂ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ።»

«እሺ እትዬ።»

በጓሮ በር ፋዲላ ቲማቲምና ሎሚ የጫነች አህያዋን እየነዳች ገባች። ፋዲላ ከአሊዩ አምባ ወደ ቆላው የተዳረች ናት፤ ለዓይናለም ከእህት ያላነሰች ጓደኛ። ቅርጫቱን አወረደችና ላቧን በሻሿ ጠረገች።

«ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ነው።»

«ይናገራል?»

ዓይናለም መቀነቷን በእጇ ዳበሰች። «ጽፏል።»

«ወረቀቱንማ አውቀዋለሁ፤ ሰባት ጊዜ አንብበሽልኛል። እኔ የምልሽ ይናገራል ወይ ነው።»

ዓይናለም ሎሚዎቹን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች፤ የሎሚው ቁጥር ግን አልያዝላት አለ።

*

ነገሩ የጀመረው ሞልቶ በመቅዳት ነበር።

ሞገስ የፊታውራሪ ተሰማ ልጅ ነው። የዓይናለም አባት ዘውዴ ደግሞ ቀወት ውስጥ የፊታውራሪ ተሰማን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው። ሞገስ ኢጣልያ አገር እርሻ ተምሮ የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት ሲሆን፣ በሮቢ ወንዝ ዳር ከአባቱ መሬት ጥቂት ጥማድ ለምኖ ወይን ተከለ። ቆላ ላይ ወይን የተከለው ሰውዬ እየተባለ ለከተማው መሳቂያ ሆኖ ከረመ። ምሳውን እትዬ ጌጤ ቤት ይበላ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ይዞ መጣና ቅጂልኝ አላት። ዓይናለም ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችው። ሳይፈስስ በመሙላቷም ኮርታ ነበር። በእናቷ ቤት ለእንግዳ ጎደሎ መቅዳት ንፍገት ነው፤ «ባልመጣህ» እንደ ማለት ነው።

ሞገስ ሳቀ። በእሷ ላይ ግን አልነበረም፤ ያንን ወዲያው አወቀች። «ሲሶው ብቻ ነው የሚሞላው» አላት።

«ሲሶ? ጋሼ ሞገስ፣ ሰው ይታዘበኛል እኮ!»

«ባዶው ቦታ ለሽታው ነው። ይኼ መጠጥ ከአፍ በፊት በአፍንጫ ነው የሚጠጣው።» ከዚያ ተነሣና ወንበሩን ሳበላት። «ነይ ተቀመጪ።»

«እኔ?»

«ቀማሽ ይቀመጣል። የሚቆመው ቀጂ ነው።»

በወንበሩ ጠርዝ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀች ቁጭ አለች። እሱ ቆሞ ቀዳላት። ብርጭቆውን በእግሩ እንድትይዘው፣ የእጅ ሙቀት መጠጡን እንደሚያበላሸው ነገራት። መጀመሪያ መልኩን እይ፤ ከዚያ አሽትቺ፤ ከዚያ አንድ ጉንጭ ብቻ ያዢና በምላስሽ ላይ አንከባልዪው። ምን ምን ይላል?

ዓይናለም ዓይኗን ጨፍና ቆየች። «ጥንቅሽ ጥንቅሽ ይላል» አለች። «መጀመሪያ የተቆረጠ፣ ገና ጤዛው ያልደረቀ ጥንቅሽ።»

ሞገስ ጠርሙሱን አስቀምጦ አያት። «ይኼን በየትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ፣ አውቶቡሶቹ ካለፉ በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ አንድ አንድ ነገር ያስተምራት ጀመር። ቀዩ ከነጩ የሚለየው ከፍሬው ልጣጭ ጋር በመክረሙ ነው። አፍን እንደ ያልበሰለ ሙዝ የሚያደርቀው ነገር በሽታ ሳይሆን ጉልበቱ ነው። ከሁሉም የገረማት ግን የመጀመሪያው ጉንጭ ሥርዓት ነበር።

«መጀመሪያ ትንሽ ብቻ ለጋባዡ ይቀዳለታል» አላት። «ይቀምሳል። ካልሆነው ይመልሰዋል።»

«የቀረበለትን? አይነውርም?»

«አይነውርም። አንድ ጉንጭ ቀምሶ አይሆነኝም ማለት የቀማሽ መብት ነው።»

«ቀጂውስ ቅር አይለውም?»

«ቅር አይለውም። ጠርሙሱን አንሥቶ ይሄዳል።»

ዓይናለም ያን ቀን ማዕድ ቤት ገብታ ረጅም ጊዜ ስታስብ ቆየች። በሕይወቷ የቀረበላትን አይሆነኝም ብላ አታውቅም። እንደዚያ ማለት እንደሚቻልም የነገራት የለም።

«ጋሼ» መቼ እንደቀረ፣ «አንተ» መቼ እንደጀመረ ሁለቱም አያስታውሱትም።

*

በታኅሣሥ የወይኑ ፍሬ ደረሰ። ሁለቱ አብረው ለቀሙት፤ አብረው ጨመቁት። እሷ ጋኑን እንደ ጠጅ ጋን በወይራ አጥናው ተገኘችና እሱ እየሳቀ እንደገና አሳጠባት። መጋቢት ላይ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሞልተው በቡሽ ደፈኑ። ሞገስ አባቱ ዘንድ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ጠርሙሶቹን ለእሷ አደራ ሰጣት። «አባቴ ሳይቀምሰው ማንም እንዳይቀምሰው» አላት፤ «እኔና አንቺም ብንሆን።»

ደብዳቤው በሚያዝያ መጨረሻ መጣ። የደሴው አውቶቡስ ሾፌር ግርማ ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ሲሰጣት «ከባድ ነው፤ ትርፍ ዕቃ ላስከፍልሽ ነበር» ብሎ ቀለደባት። አራት ገጽ ነበር። አራተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ዓይኔ፣ አባቴ የወዳጁን የቀኛዝማቹን ልጅ ሊያጭልኝ ቃል ሊገባ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ለመንሁት። ሮቢት ወርዶ የእጄን ሥራ እንዲቀምስ። ሲቀምሰው ‹የማን እጅ ነው?› ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በሰው ሁሉ ፊት ስምሽን እጠራለሁ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ይምጣ።»

ይህን ገጽ እጥፋቱ እስኪሳሳ አነበበችው። በአራቱ ገጽ ውስጥ ስለ ዓይኗ ነበር፤ ስለ አንገቷ ነበር፤ በሌላ አገር ወንዝ ዳር ስላያቸው የወይን ተራሮች ነበር። ስለ ጠርሙሶቹ ቡሽ ግን አንድ መስመር አልነበረም።

ደብዳቤው በመጣ በሦስተኛው ቀን፣ ሙቀቱ አፍ ሲያስከፍት፣ እትዬ ጌጤ ከፋሲካ ያስተረፉት በጠርሙስ የተደፈነ ጠጅ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። ስብርባሪው ጣራ ደረሰ። ዓይናለም ሮጠች። በዚህ አገር ጠጅ የጣለች ሴት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው፤ ጠጅ በሙቀት ጊዜ ትንፋሽ ካላገኘ ይፈነዳል። አሥራ ሁለቱንም ጠርሙሶች አንድ በአንድ አቅፋ፣ ቡሻቸውን ፈልቅቃ አላላችላቸው። በአፋቸውም ላይ ንጹሕ ሻሽ አሰረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ እየገባች ታያቸው ነበር። አንዱም አልፈነዳም። አደራዬን ጠበቅሁ ብላ አመሰገነች።

*

ላንድሮቨሩ በስድስት ሰዓት ደረሰ። ፊታውራሪ ተሰማ፣ ቀኛዝማቹ፣ ከኋላ ደግሞ ሞገስ። ሁለት ወር አላየችውም፤ ከስቷል። ከመኪናው ሲወርድ ዓይኑ ፈለጋት፤ አገኛት፤ ለአንዲት ቅጽበት ቆየባት። የጫማዋ ጥበት፣ የጀርባዋ ሕመም፣ የስድስት ዓመቱ «መጣሁ» ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተረሳት።

የጠርሙሶቹን ቡሽ ጠዋት መልሳ ጠቅጥቃቸው ነበር። ምግቡ ከተበላ በኋላ የመጀመሪያውን በሰሃን ላይ አድርጋ አመጣች። ሞገስ ተነሥቶ ቆመ፤ የሸሚዙን አንገት አስተካከለ።

«አባባ፣ ይኼ የሮቢት ወይን ነው። የመጀመሪያው።»

«እስቲ እናያለን» አሉ ፊታውራሪ። ዓይናለም እንደተማረችው ከብርጭቆው ሥር ጥቂት ብቻ ቀድታ ወደ እሳቸው ስታቀርብ ግን እጃቸውን አነሡ። «አንቺ ልጅ፣ ሳትቀምሽ ነው የምትሰጪኝ?»

«አባባ፣ ወይን እንደ ጠጅ አይደለም» አለ ሞገስ ፈገግ ብሎ። «የሚቀምሰው ጋባዡ፣ የማዕዱ ጌታ ነው።»

«ጋባዡ? መርዝ ቢኖርበትስ፣ ጋባዡ ከምሳ ተነሥቶ ቀብር ሊሄድ ነው?» ቀኛዝማቹ ከት ብለው ሳቁ። «በእኔ ፊት የቀዳ ይቀምሳል። ቅመሽ።»

ዓይናለም እንደ እናቷ፣ እንደ አያቷም፣ በግራ መዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች።

ሽታው ቀድሞ ነገራት፤ ምላሷ ያረጋገጠው ብቻ ነው። ጥንቅሹ የለም። ጉልበቱ የለም። ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ኮምጣጣ ነገር ብቻ። በአንድ ጊዜም ሁሉን አወቀች። ሻሾቹን፣ ያላላቻቸውን ቡሾች፣ ጠዋትና ማታ እየገባች የተደሰተችበትን ሁሉ።

ዝም ብላ ልታቀርበው ትችል ነበር፤ እሳቸው ወይን አያውቁም። ቀና ብላ ሞገስን አየችው። ዓይኑ እንደ ልጅ ያበራል።

«ኮምጥጧል ጌታዬ» አለች።

ሞገስ አላመናትም። ብርጭቆውን ወሰደ፤ በእግሩ ያዘው፤ ወደ ብርሃን አነሣው፤ አሸተተ። ያስተማራትን ሁሉ በተራ አደረገ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። ሁለተኛውን ጠርሙስ አስመጣ፤ ሦስተኛውን። የቡሽ መንቀያውን ገና ሳያስገባው ቡሹ በጣቱ ወጣለት። በመዳፉ ላይ ያለውን ቡሽ እያየ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አሉ ፊታውራሪ።

«ቡሹ ተነክቷል።»

«የማን እጅ ነው?»

ደብዳቤው ውስጥ ያለው ጥያቄ ነበር፤ ቃል በቃል። ዓይናለም ሰሃኑን በደረቷ አቅፋ ቆመች። ከኒሙ ቅጠል መካከል አንድ ወፍ ጮኸና ዝም አለ።

ሞገስ አባቱን አየ። ቀኛዝማቹን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዓይናለም ናት» አለ።

ደብዳቤው ከመጣበት ቀን ጀምሮ ይህን ስም በዚህ ድምፅ፣ በዚህ ሰው ፊት ለመስማት ጠብቃለች።

«ማናት ዓይናለም?»

«ይቺ ሠራተኛዋ። ሳልነግራት ነካክታው ነው።»

ፊታውራሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩ። «የዘውዴ ልጅ አይደለሽም? ለማሽላ ለተፈጠረ እጅ የፈረንጅ ጠርሙስ ይሰጠዋል? ጥፋቱስ የሰጪው ነው» አሉና ለመነሣት ዱላቸውን ያዙ። አልተቆጧትም። ይህ ነበር የከፋው፤ የሚቆጧት ያህል እንኳ ቦታ አልሰጧትም።

ሞገስ ቡሹን በእጁ እንደጨበጠ መሬት መሬት ያይ ነበር።

*

እንግዶቹ ተክሉን ሊያዩ ወደ ወንዙ ወረዱ። ዓይናለም በኒሙ ሥር ብርጭቆዎቹን ታጥባለች። ዐሥር ሰዓት ገደማ የሰው ኮቴ ሰማች፤ የማን እንደሆነ ዞር ሳትል አወቀችው።

«ዓይኔ።»

ብርጭቆውን ገልብጣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠች።

«ስምሽን ልጠራ ነበር። አንዱ ጠርሙስ እንኳ ደህና ቢወጣ ኖሮ፣ ማርያምን…»

«ጠሩት እኮ» አለች።

ሞገስ ያደመጠው ቃሉን ሳይሆን አንቱታውን ነበር። «አንቱ ትይኛለሽ?»

«ሐሰት አልተናገሩም። ቡሹን ያላላሁት እኔ ነኝ። ጠጅ እንዳይፈነዳ እናቴ አስተምራኛለች፤ ወይን ትንፋሽ እንደማይወድ ግን ማንም አልነገረኝም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አራት ገጽ ጽፈውልኝ ነበር።»

ሞገስ ግንባሩን በእጁ ያዘ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ተመልሼ ወንዙ ዳር እነግረዋለሁ። ይሙት፣ እነግረዋለሁ። ከወይኑም ብነቀል፣ ከርስቱም…»

ዓይናለም ዞር ብላ አየችው። ዕድሜውን በሙሉ አባቱን እሺ ሲል የኖረ፣ የደከመው ፊት ነበር። እየዋሸ አልነበረም፤ ይህ ይበልጥ አሳዘናት። እጇን ዘርግታ የሸሚዙን አንገት ብታስተካክልለት ወደደች። እጇ ግን እርጥብ ነበር፤ ፊታውራሪ ለማሽላ የተፈጠረ ያሉት እጅ።

«ጣፍጦ ቢሆን የሁለታችን ነበር» አለች። «ሲኮመጥጥ የእኔ ብቻ ሆነ።»

ዓይናለም እጇን አደረቀች። ፊታውራሪ የተቀመጡበትን ወንበር ሳበችና፣ በጠርዙ ሳይሆን ደገፍ ብላ፣ ቁጭ አለች። ሞገስ ቆሞ ቀረ።

«የመጀመሪያውን ትምህርት ያስታውሱታል?» አለችው። «አንድ ጉንጭ ቀምሶ አይሆነኝም ማለት አይነውርም ብለውኝ ነበር።»

«ዓይናለም፣ እባክሽ።»

«እኔ አላመንሁም ነበር። እንዴት ሰው የቀረበለትን ይመልሳል ብዬ ስንት ቀን አሰብሁ። ቀጂውም ቅር አይለውም ብለውኛል። ቅር አይበልዎ።»

ሞገስ ብዙ ቆመ። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ የቀረውን ጠርሙስ አነሣና፣ በሁለት እጁ ይዞት፣ ቀስ ብሎ በበሩ ወጣ። የሸሚዙ ጀርባ በላብ ተጣብቆ ትከሻው ተቆልምሞ አየችው። ልትጠራው አንድ ትንፋሽ ብቻ ቀርቷት ነበር።

አልጠራችውም። ከመቀነቷ ቋጠሮውን ፈታች፤ ወረቀቱን አየችውና ሳትዘረጋው መልሳ ቋጠረችው።

«ዓይናለም!» አሉ እትዬ ጌጤ ከጓዳ።

«መጣሁ» ሊል አፏ ተከፈተ። ዘጋችው። ጫማዋን አውልቃ ያበጡ እግሮቿን በቀዘቀዘው አፈር ላይ ዘረጋች።

እትዬ ጌጤ ከኮመጠጡት ጠርሙሶች ሁለቱን በብብታቸው ይዘው ብቅ አሉ። «ኧረ ይኼ ደህና አቼቶ ነው! ለሰላጣ ይሆነናል፤ ክረምቱን ሙሉ ከአዲስ አበባ አላስመ…» በእንግዳ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ሲያዩ አፋቸው ቆመ። ወደ በሩ አዩ፤ ወደ እሷ አዩ። ጠርሙሶቹን መሬት አስቀምጠው ያለ ቃል ወደ ጓዳ ተመለሱ።

ሲወጡ ማሰሮ ይዘው ነበር። ካጠበቻቸው ብርጭቆዎች አንዱን አነሡና አጠገቧ ቆመው ቀዝቃዛ ውኃ ቀዱላት።

«እትዬ፣ ሲሶው ብቻ ነው የሚሞላው» አለች ዓይናለም። ድምፅዋ እንደ ሳቅ ጀምሮ ሌላ ነገር ሆነ።

«ማነው ያለው?» አሉ እትዬ ጌጤ። እስከ አፉ፣ እስኪፈስስ ድረስ ሞሉት። «እኛ ቤት ለሰው የሚቀዳው ሞልቶ ነው። ጠጪ።»

ብርጭቆውን በሁለት መዳፏ፣ በሆዱ ያዘችው። ቅዝቃዜው ወደ እጇ ገባ። ሳትቀምስ፣ ሳታሸትት፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።